ተራ የሚያዘልለው ቁልፍ

ሰው መካሪውን የሚያገኘው አንዳንድ ጊዜ ምክር ፍለጋ ባልወጣበት ቀን ነው። ጋሼ ፊውዝም ያን ቅዳሜ ቀትር ላይ ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫው ጎራ ያሉት አንድ መጫኛ ቁልፍ ገዝተው ሊመለሱ እንጂ ሊማሩ አልነበረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሽቦና ከመብራት ጋር የኖሩ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቶሎ ይቃጠላሉ። እሳቸው ሲቃጠሉ ቤቱ በሙሉ ጭልም ይላል። በኋላ ይጸጸታሉ፤ ግን ፊውዝ ራሱን በራሱ ሲቀይር ታይቶ አይታወቅም።

«ሞላው ጠንከር ያለ ስጠኝ» አሉት ባለሱቁን፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው። «ሲጫኑት እሺ ብሎ የሚወርድ፣ ሲለቁት እሺ ብሎ የሚመለስ። እንደ ባለፈው እንዳትሸውደኝ።»

«ጋሼ፣ ባለፈውም ከሱቁ ምርጡን ነው የሰጠሁዎት።»

«ታዲያ ለምን ይዘላል?»

«እኔ የምሸጠውን እንጂ የሚዘለውን አላውቅም» አለ ባለሱቁ፣ ሳጥኑን ወደ መደርደሪያው እየመለሰ።

«ምኑ ነው የሚዘለው ጋሼ?» የሚል ድምፅ ከኋላቸው መጣ። ዘወር ሲሉ የእህታቸው ልጅ ቆማለች። ኤሌክትሮኒክስ ተምራ በቅርቡ የጨረሰች፣ አሁን የፋብሪካ መቆጣጠሪያዎች በሚጠገኑበት ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ሁለቱም ሥራ በዝቶባቸው ከተያዩ ሰንብተዋል። ጋሼ ፊውዝ ጉንጯን ሳሟትና የልባቸውን ለመንገር ቸኮሉ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ያን ቀን ባለሱቁም ቢሆን ከጠየቃቸው ይነግሩት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጋሼ ፊውዝ ባለቤት በሰፈሩ ጤና ጣቢያ በካርድ ክፍሉ መስኮት ይሠራሉ። ታካሚ ሲመጣ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይሰጡታል፤ ሐኪሙ ዘንድ ያለው ሰው ሲወጣ ቀጣዩን ይጠራሉ። ስለዚህ ትልቁም ትንሹም «እትዬ ተራ» ይላቸዋል። ለዓመታት በድምፃቸው ሲጣሩ ኖረው ጉሮሯቸው ከሰዓት በኋላ እየተዘጋ ሲያስቸግራቸው፣ ባላቸው አዘኑና ቀይ ቁጥር የሚያበራ ሰሌዳ ሠሩላቸው። ሰሌዳው በመጠበቂያው ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ቁልፉ መስኮቱ ሥር ተገጠመ። ቁልፉ አንዴ ሲጫን ቁጥሩ በአንድ ይጨምራል። ጋሼ ፊውዝ ከሠሩት ሥራ ሁሉ የዚህን ያህል የኮሩበት የለም።

ኩራቱ ብዙ አልከረመም። ሰሌዳው አሥራ ሁለት ላይ ቆይቶ፣ ቁልፉ አንዴ ሲነካ አሥራ አምስት ማለት ጀመረ። መሃል የቀሩት ባለተራዎች ወረቀታቸውንና ግድግዳውን እያፈራረቁ ያያሉ። «ዘመዷን ልታስገባ ነው» ያለ አለ፤ «እጇን አሙቀውላት ነው» ያለም አለ። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ አንዲት እናት ተራዋ ተዘልሎባት፣ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ታቅፋ እስከ ምሳ ሰዓት ስትንከራተት ዋለች። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ይህን ስትሰማ ባልና ሚስቱን አስጠርታ ጠየቀች። እትዬ ተራ አፋቸውን ሳይከፍቱ ጋሼ ፊውዝ ቀደሙ።

«መሣሪያው አይሳሳትም» አሉ። «የእሷ እጅ ይንቀጠቀጣል። አንዱን ጭነት ሁለት ሦስት የምታደርገው እሷ ናት።»

ኃላፊዋ ይህን ከባል አፍ ከሰማች በኋላ ሌላ ማስረጃ አልፈለገችም። «እንግዲያው ከሰኞ ጀምሮ እትዬ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወሩ፤ መስኮቱ ላይ ሌላ ሰው እናስቀምጣለን» ብላ ጨረሰች።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ተራ «ምሳ ቀርቧል» የሚሉት ለግድግዳው ነው። ጋሼ ፊውዝ ውሉ ጠፍቶባቸዋል። የተናገሩት እውነት ነው ብለው ያምናሉ፤ እውነት ከሆነ ደግሞ ለምን እንደ ውሸት እንደሚቆጠቁጣቸው አልገባ ብሏቸዋል። አሁን የቀራቸው ተስፋ ለተንቀጠቀጠ እጅ እንኳ የማይበገር ቁልፍ ማግኘት ነው። እሱን ካገኙ ሚስታቸው ከመስኮቱ አይነሱም።

ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸውና፣ «እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይተዋል ጋሼ?» አለች።

«ማየትስ አላየሁም። ግን ሌላ ምን ይሆናል?»

«ቁልፉ ራሱ።»

«እየቀያየርኩት እኮ ነው! ሁሉም አዲስ ናቸው።»

«አዲሱም አሮጌውም ይነጥራል።»

«ምን አልሽኝ?»

«ይነጥራል። በቁልፉ ውስጥ ያለው ቀጭን ብረት ከሌላው ብረት ጋር ሲጋጠም በአንዴ አይረጋም። ይነካል፣ ይላቀቃል፣ እንደገና ይነካል፤ ከዚያ ነው የሚተኛው።»

ጋሼ ፊውዝ ባለሱቁን እንደ ምስክር ተመለከቱት። ባለሱቁ መደርደሪያውን የሚያስተካክል መስሎ ዐይኑን ሰበረ።

«ስሚ ልጄ፣ እኔ መብራት ስዘረጋ አንቺ አልተወለድሽም። ማብሪያ ማጥፊያ ማለት ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል፤ መሃል ሰፋሪ የለውም። ይሄን ሁሉ ዘመን መብራት ሳበራ አንድ ቀን ሦስቴ ብልጭ ብሎ አያውቅም። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ያሉት ወደው አይደለም።»

ብዙ ወጣቶች እንዲህ ያለ ተረት ሲወረወርባቸው ወይ ያኮርፋሉ ወይ መጽሐፍ ይጠቅሳሉ። እሷ ሁለቱንም አላደረገችም። «ልክ ነዎት፤ ከመሞከሬ በፊት አያምኑኝ» አለች። «መስኮቱ ጋ እንሂድና በእርስዎ እጅ እንየው። የእርስዎ እጅ መቼም አይንቀጠቀጥም።»

ጋሼ ፊውዝ ሁለቱን እጆቻቸውን ዘርግተው አዩአቸው። «አይንቀጠቀጥም» አሉ በኩራት። ልጅቷ ከባለሱቁ አንዲት ትንሽ ዕቃ ገዝታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተያይዘው ወጡ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጤና ጣቢያው ድንገተኛ በሽተኛ ካልመጣ በቀር ጭር ይላል። በመጠበቂያው ክፍል ረጃጅሞቹ አግዳሚ ወንበሮች ባዶአቸውን ተደርድረዋል፤ ወለሉ ገና በውሃ ታጥቦ አልደረቀም። እትዬ ተራ ከመስኮቱ ጀርባ የራሳቸውን ዕቃ እየለቀሙ በከረጢት ይከታሉ፤ የመነጽር ቤት፣ ሹራብ፣ የውሃ ኩባያ። ለሰኞ እየተዘጋጁ ነው። የባላቸውን የእህት ልጅ ሲያዩ ፊታቸው ፈካ፤ ባላቸውን ሲያዩ ከረጢታቸውን አዩ።

«እትዬ፣ ጋሼ ቁልፉን በራሳቸው እጅ ሊሞክሩት ነው» አለች ልጅቷ።

«ይሞክሩታ። የተከለከለ ነገር የለም» አሉ እትዬ ተራ። ይህን የተናገሩት ለኩባያው ነው።

ጋሼ ፊውዝ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ጣታቸውን በቁልፉ ላይ አሳረፉና ቀስ ብለው ተጫኑ። ሰሌዳው ከአንድ ወደ ሁለት ሄደ። «አያችሁ?» አሉ። እንደገና ተጫኑ። ሰሌዳው አምስት አለ።

ጋሼ ፊውዝ ጣታቸውን አነሱና አዩት። የራሳቸው ጣት ነው። «ወለሉ እርጥብ ስለሆነ ይሆናል» አሉ። ጫማቸውን ጠረጉና እንደገና ሞከሩ፤ በትክክል ስድስት ሆነ። ልባቸው ሲመለስ ደግመው ነኩት፤ ስምንት። ልጅቷም ሞከረች፤ አንዴ ልክ ሆነላት፣ አንዴ ዘለለባት። በመጨረሻ ጋሼ ፊውዝ ተቆጡና በአውራ ጣታቸው እንደ ምስማር መቱት። ቁጥሩ ዐይን እያየ ወደ ላይ ሸሸ።

«ጠንከር ብዬ ስነካው ይብሳል እንዴ? ይሄ እንዴት ይሆናል?» አሉ። እልሃቸው ወጥቶ ግራ መጋባት ብቻ ቀራቸው። በዚያች ሰዓት ፊታቸውን ላየ ሰው መንገድ ጠፍቶበት ሁለት ጊዜ እዚያው በር ላይ የተመለሰ እንግዳ ይመስሉት ነበር። እትዬ ተራ ሹራባቸውን አጥፈው ከረጢቱ ውስጥ ጨመሩ።

ልጅቷ ወደ መጠበቂያው ክፍል በር አየች። በሩ ባለ ሞላ ነው፤ ሰው ገፍቶ ሲገባ ሞላው ጎትቶ ይዘጋዋል። የሰቀሉት ራሳቸው ጋሼ ፊውዝ ናቸው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ጀርባዎን ለበሩ ይስጡና ግድግዳውን ይዩ። በሩ ሲጋጭ በጆሮዎ ይቁጠሩ።»

«የሕፃን ጨዋታ ነው እንዴ?»

«ለእኔ ሲሉ።»

ዞሩ። ልጅቷ ለእትዬ ተራ በእጇ ምልክት ሰጠች። እሳቸውም ከረጢታቸውን እንደያዙ ወጥተው ተመልሰው ገቡና በሩን ከኋላቸው ለቀቁት። ጓ... ጓ፣ ጓ፣ ጓጓ አለና ዝም አለ።

«ስንት ጊዜ ጮኸ?» አለች ልጅቷ።

«አምስት መሰለኝ። የመጨረሻዎቹ ተደራረቡ።»

«እንግዲያው አምስት ሰው ገባ ልበል?»

«የምን አምስት ሰው ነው? የገባው አንድ ሰው ነው። በሩ ሲዘጋ ከመቃኑ ጋር ተጋጭቶ እየነጠረ እኮ ነው—» ብለው ጀመሩና አፋቸው ክፍት እንደሆነ ቀረ።

«እንዴት አወቁ?»

«በሩን አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ የሰቀልኩት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ሰሌዳው ግን በሩን አያውቀውም ጋሼ። ጓ ያለውን ሁሉ ሰው ነው ብሎ ይቆጥራል።»

ጋሼ ፊውዝ ዘወር ሲሉ ሚስታቸው ብቻቸውን በሩ አጠገብ ቆመዋል። ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አይተዋቸው፣ «እኔ አንዲት ሰው ነኝ» አሏቸው።

ጋሼ ፊውዝ ወደ ሥራቸው ሸሹና፣ ፊታቸውን ወደ ልጅቷ መለሱ። «መብራቱስ?» አሉ። «መብራቱ ለምን አይነጥርም? እሱንም የማበራው በዚሁ ዓይነት ብረት ነው።»

«ይነጥራል። እኛ ነን የማናየው። አንድ ሰከንድ ለሺህ ቢከፈል፣ ንጥረቱ ከዚያ ውስጥ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚወስደው፤ ዐይን እስኪጠቅስ እንኳ አይቆይም። አምፖልም ዐይናችንም ለዚህ ዘገምተኞች ናቸው። የሰሌዳዎ ቆጣሪ ግን ፈጣን ነው፤ እያንዳንዷን ንክኪ ለይቶ ያያታል። አምፖል በመዘግየቱ ከስሕተት ይድናል፤ ቆጣሪው በመፍጠኑ ነው የሚሳሳተው።»

«እንግዲያው የማይነጥር ቁልፍ ልግዛ።»

«ባለሱቁን ያደክሙታል እንጂ አያገኙም። አንዱ ከሌላው ይሻል ይሆናል፤ ሞላና ብረት ያለው ሁሉ ግን ይብዛም ይነስም ይነጥራል።»

«ሞላው የጠነከረውስ?»

«በሩን በኃይል ቢወረውሩት ቀስ ብሎ ይዘጋል?»

ጋሼ ፊውዝ አገጫቸውን ያዙ። የገዟቸው ጠንካራ ቁልፎች ሁሉ፣ የተኩራሩባቸው ሁሉ፣ አንድ በአንድ በሐሳባቸው አለፉ። የገዛ ዐይናቸውን ማመን ትተው አንዲት ልጅ በምትለው ማመን እንግዳ ነገር ሆነባቸው፤ ጆሯቸው ግን የበሩን ድምፅ ገና አልረሳውም። «እና ምን ይሻለኛል?» አሉ።

«እርስዎ ይንገሩኛ። ጀርባዎን ሰጥተው በዚያ በር የሚገባውን ሰው በጆሮ ብቻ ይቁጠሩ ቢባሉ እንዴት ያደርጋሉ?»

ብዙ አሰቡ። እትዬ ተራ ከረጢታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ የማይሰሙ መስለው ይሰማሉ።

«የመጀመሪያውን ጓ ስሰማ አንድ እላለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ከዚያ በሩ እስኪረጋ ድረስ ጆሮዬን እደፍናለሁ። ዝም ሲል እከፍታለሁ።»

«በቃ፣ ሌላ ጥበብ የለውም። በፕሮግራም የሚሠሩ መሣሪያዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ቁልፉ ሲነካ አንድ ብለው ይቆጥሩና፣ ጥቂት ጠብቀው ነገሩ ሲረጋ እንደገና ያዳምጣሉ።»

«የእኔ ሰሌዳ ግን ፕሮግራም የለውም።»

«ስለዚህ መጠበቅን በዕቃ እናስተምረዋለን። ካፓሲተር ይዘዋል?»

ካፓሲተር ማለት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ ነው። ጋሼ ፊውዝ ያለ መሣሪያ ሳጥናቸው ገላቸውን እንኳ አይታጠቡም ይባላል፤ ጤና ጣቢያው ውስጥም አንዱን ሳጥን አኑረዋል። ልጅቷ አሠራሩን በቤት ጣሪያ ላይ በተቀመጠ የውሃ ታንከር አስረዳቻቸው። የመንገዱ ውሃ መጣ ሄደ፣ መጣ ሄደ ሲል፣ በታንከሩ ውስጥ ያለው ውሃ ግን ከፍታው ወዲያው አይለዋወጥም፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለው ሰው የመንገዱን መቆራረጥ አያውቀውም። የቁልፉም መነጣጠር እንዲሁ በካፓሲተሩ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። ጋሼ ፊውዝ ይህ ገባቸው። ቶሎ ስለገባቸውም ቶሎ ተነሱ፤ ልጅቷ «ቆይ ጋሼ፣ መጠኑን—» ስትል እሳቸው ከሳጥኑ ትልቁን ካፓሲተር መርጠው፣ ብየዳውን አግለው፣ ገጥመው ጨርሰዋል። «ታንከር ትልቅ ሲሆን ይሻላል» አሉ።

ተጫኑ። ቁጥሩ በአንድ ጨመረ። ፊታቸው አበራ። ጣታቸውን ሲያነሱ ግን ቁጥሩ ማንም ሳይነካው ዘለለ።

«ይኸውልሽ!» አሉ። «ድሮ ስነካው ነበር የሚዘለው፤ አሁን ስለቀው ጀመረ። ከድጡ ወደ ማጡ አገባሽኝ።»

ልጅቷም ለአፍታ ግራ ተጋባች። ሰሌዳውን አየች፣ ካፓሲተሩን አየች፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ሳበች። ከዚያ ሳቅ አለች። «ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ዋናውን ሳልነግርዎት ታንከሩን አስቀደምኩ። ጋሼ፣ ታንከር ላይ ፓምፕ ገጥመው ያውቃሉ?»

«ስገጥም የኖርኩት ምን ሆነና?»

«ፓምፑን የሚያስነሳውና የሚያቆመው ተንሳፋፊ የሚሠራው በአንድ መስመር ነው?»

«በአንድ መስመር ከሆነማ ፓምፑ ይቃጠላል። ውሃው ልክ መስመሩ ላይ ሲደርስ ሞገድ ይላል፤ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ። ፓምፑም ተነስ፣ ቁም፣ ተነስ፣ ቁም ሲል ሞተሩን ይገድለዋል። ስለዚህ ታች አንድ መስመር፣ ላይ አንድ መስመር አደርግለታለሁ። ታች ሲደርስ ይነሳል፤ ላይኛው ካልደረሰ አይቆምም።» ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ወደ ቦታው ተመለሰ። በራሳቸው ሙያ ላይ ነበሩና።

«የእርስዎ ቆጣሪ እኮ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው» አለች ልጅቷ። «ድሮ ፈጥኖ ስለሚያልፈው አልታወቀም። አሁን በትልቅ ታንከር ምክንያት ኤሌክትሪኩ ቀስ እያለ ሲሞላ፣ ልክ መስመሩ ላይ ሲደርስ ሞገድ አለበትና ቆጣሪው ነው ወይስ አይደለም ሲል ይወላውላል።»

ጋሼ ፊውዝ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። «ሁለት መስመር ያስፈልገዋላ!»

ልጅቷ ከሱቁ የገዛቻትን ዕቃ ከቦርሳዋ አወጣች። ሁለት መስመር ያላት፣ አይሲ የምትባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቁራጭ ናት፤ አንዴ አዎ ካለች በትንሽ ነገር አይደለም አትልም፣ አይደለም ካለችም በትንሽ ነገር አትመለስም። አይሲዋን ከካፓሲተሩና ከቆጣሪው መካከል አስገቡ። ትልቁን ካፓሲተር አውጥተው ትንሽ አደረጉ፤ ታንከሩ ከመጠን በላይ ከሰፋ ሰው ቶሎ ቶሎ ሲጫን የእውነቱንም ጭነት ውጦ ያስቀራልና። ካፓሲተሩ ያጠራቀመውን በቁልፉ ብረት ላይ በአንዴ አፍስሶ እንዳያቃጥለውም፣ ፍሰቱን የምትገታ ትንሽ ሬዚስተር አከሉለት። ጋሼ ፊውዝ በዚህኛው አልቸኮሉም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ከአንድ ሰዓት በፊት በራሳቸው ላይ ፈጽመውት ነበር።

«ነይ ሞክሪው» አሉ ወደ አግዳሚው ዞረው።

እትዬ ተራ አልተነሱም። «እጄ ይንቀጠቀጣል» አሉ።

ጋሼ ፊውዝ የብየዳውን እጀታ እንደያዙ ቀሩ። ሐሙስ ዕለት በኃላፊዋ ፊት የተናገሯት ቃል አሁን በሚስታቸው አፍ ስትመለስ፣ እንዴት ያለ ከባድ ዕቃ እንደወረወሩ ገና ታያቸው። አፈሩ። ልጅቷ ሳጥኑን የምታስተካክል መሰለች።

በመጨረሻ እትዬ ተራ ራሳቸው ተነሱ። ሰሌዳው ወደ ዜሮ ተመልሷል፤ መስኮቱ ጋ ሄደው እንደ ወትሮው ተጫኑ። አንድ። ለቀቁት፤ ቁጥሩ ከቦታው አልተነቃነቀም። እንደገና ተጫኑ። ሁለት። ቀስ ብለው ሞከሩት፣ ፈጠን ብለው ሞከሩት፤ ሰሌዳው አንዱን አንድ ብቻ አለ። መነጽራቸውን አወለቁና ቀና ብለው ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ ከረጢታቸውን አንስተው ወደ ቤት ሄዱ። ኩባያውን ግን መስኮቱ ላይ ረሱት፤ ወይም ተዉት።

ሰኞ ጠዋት መጠበቂያው ክፍል በሰው ተሞልቷል። እትዬ ተራን የሚተካው ሰው መጥቶ በመስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ያቺ የሐሙሷ እናትም ሕፃኗን ታቅፋ መጥታለች፤ ሕፃኑ ተሽሎት የእናቱን ጆሮ ይጎትታል። ኃላፊዋ መስኮቱን ልታስረክበው ስትገባ ጋሼ ፊውዝ ከአግዳሚው ተነሱ። ተቆጥተው የመናገር ልምድ እንጂ አፍረው የመናገር ልምድ አልነበራቸውምና ድምፃቸው ተሰበረባቸው።

«ሐሙስ ዕለት የባለቤቴ እጅ ይንቀጠቀጣል ብዬ ነበር» አሉ። «ሳላይ ነው ያልኩት። የተንቀጠቀጠው እኔ የገጠምኩት ቁልፍ ነው። ማንም ሰው ዘመዱን አላስገባም።» ወደ ሕፃኑ እናት ዞሩ። « የልጅሽን ተራ የዘለለው የእኔ ሥራ ነው፤ ይቅር በይኝ ልጄ።»

ኃላፊዋ ግራ ተጋባች። «ቁልፍ እንዴት ይንቀጠቀጣል?» አለች። ይህን ጥያቄ ከሁለት ቀን በፊት እሳቸው ራሳቸው ጠይቀውት ነበርና፣ ጋሼ ፊውዝ አልተቆጡም። እጇን ይዘው ወደ ባለ ሞላው በር ወሰዷት፤ በሩን ከፍተው ለቀቁት። ጓ፣ ጓ፣ ጓጓ። «ስንት ሰው ገባ?» አሏት። ተራ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ። ኃላፊዋም ሳቀች፤ ከዚያ ቁልፉን እየደጋገመች ሞከረችና የመጣውን ተተኪ ወደ ነበረበት ክፍል መለሰችው፤ እትዬ ተራም መስኮታቸው ላይ ቀሩ።

አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ቁልፍ ሲነጥር እንዲረጋ ጊዜ የሚሰጠው መሣሪያ ተራ አይዘልም፣ አንዱን ዕቃ ደጋግሞ አይቆጥርም፣ አንዴ የተነካ ማሽን ሁለቴ አይነሳም። ወጪው ጥቂት ዕቃ፣ ድካሙም ጥቂት ብየዳ ነው። ጋሼ ፊውዝ ከዚያ ወዲህ ማናቸውንም ቆጣሪ ሲሠሩ አስቀድመው የሚጠይቁት የሞላውን ጥንካሬ ሳይሆን መረጋቱን ነው። መንደሩ ደግሞ ሌላ ትርፍ አገኘ፤ ሰው ሲጨቃጨቅ ጋሼ ፊውዝ መሃል ገብተው ከመፍረዳቸው በፊት «ቆይ፣ በሩ ይርጋ» ይላሉ። ስማቸውን እንቀይርላቸው ያለም ነበር፤ ግን አልያዘም።

የዚያን ዕለት ማታ ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ወደ ቤታቸው ሄዱ። ጋሼ ፊውዝ መንገድ ላይ፣ «ጥፋተኛ ነኝ» አሉ። እትዬ ተራ መልስ አልሰጡም። ጥቂት እርምጃ ሄደው፣ «ሳላይ ነው የፈረድኩብሽ፤ ሰው ፊት ነው ያዋረድኩሽ» አሉ። እትዬ ተራ አሁንም ዝም አሉ። ጋሼ ፊውዝ ነገሩ ዞረባቸው፤ ይቅርታቸው ያነሰ ነው ወይስ የበዛ ሊገባቸው አልቻለም። ደጃፋቸው ሲደርሱ የበሩን ቁልፍ ለማውጣት ኪሳቸውን እየዳበሱ፣ «ለምን አትመልሽልኝም?» አሉ።

እትዬ ተራ እጃቸውን በባላቸው ክንድ ላይ አሳረፉ። እጃቸው ቀጥ ብሎ ነበር፤ ጨርሶ አይንቀጠቀጥም።

«እስክትረጋ እየጠበቅኩህ ነው» አሏቸው።